ታክሲ ውስጥ የተመረቀው ልብ ወለድ

ባቡሩ ሥራ በጀመረ ሰሞን ነው። ፈትለወርቅ ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ አለቃዋን፣ የመሥሪያ ቤቱን መጽሔት አዘጋጅ አቶ ከበበን ጋቢና ተቀምጠው አየቻቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የልብ ወለዷን ረቂቅ «እስቲ ይዩልኝ» ብላ ሰጥታቸው ነበር። በጠየቀቻቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፤ «ገና ነው ልጄ፣ ከልሺው።» እሷም ስትከልስ ከረመች። ባለፈው ቅዳሜ ግን የእሳቸው የመጀመሪያ ልብ ወለድ ተመረቀ። ገዝታ ስታነበው የራሷን ባለታሪክ፣ እንጨት ተሸካሚዋን ጂቱን፣ የራሷን የእንጦጦ ቁልቁለት አገኘችበት። ምስክር የላትም፤ እንጀራዋም በእሳቸው እጅ ነው። ምን ታድርግ?

ከጋቢናው ኋላ፣ የቢሮ ባልደረባዋ ጸጋ አጠገብ ተቀመጠች።

«ጸጋዬ፣ እንኳን አንቺን አገኘሁ! ይኼ መንገድ ብቻውን ለሚሄድ ሰው እንዴት ይረዝማል... የእንጦጦ ብርድ እኮ ዛሬ እስከዚህ ወርዷል። እናትሽ ደኅና ናቸው? እሰይ። እናት መቼም አንዴ ከሄደች አትመለስም... በመጽሐፍ ካልሆነ በቀር።

አዎ፣ አዲስ መጽሐፍ ይዣለሁ። የማን ነው አትበዪኝ... የማንም ይሁን። ደራሲውም እንደዚያ ብለው መሰለኝ የጀመሩት። ጎበዝ ሰው ናቸው! እኔ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ፣ ወደ ሥራ እስክወጣ ሁለት መስመር ብጽፍ ሦስት እሰርዛለሁ። እሳቸው ስርዝ ድልዝ አያውቁም። ቢሮ እየዋሉ፣ ስብሰባ እየመሩ፣ ይህን የሚያህል መጽሐፍ! መቼ ጻፉት? ... እኔም የጨነቀኝ እሱ ነው።

አንባቢነታቸውስ ብትዪ? የሰው ረቂቅ እጃቸው ከገባ አንድ ገጽ ሳይገለብጡ አያልፉም። ዛሬ እንዲህ አድርጎ የሚገለብጥ የት ይገኛል? አደራ ከባድ ነው ይላሉ... ለሰነፍ ነው እንጂ! እሳቸው ተሸክመውት ማተሚያ ቤት ድረስ ሄደዋል።»

አቶ ከበበ አሳላቸው። ጸጋ ገባት፤ ሻርፗን አፏ ላይ ጣል አደረገች። ተሳፋሪው ሁሉ ጆሮውን ወደ እነሱ አቀና።

«አንድ ነገር ብቻ ገረመኝ። የጂቱ እናት ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሞታ፣ ተለቅሶላት፣ ትቀበራለች። ዘጠነኛው ላይ በልጇ ሰርግ ቆማ እልል ትላለች! አንቺ በጸሎት ሙት ሲነሳ አይተሽ ይሆናል፤ እኔ ግን በብዕር ሲነሳ ገና አሁን ማየቴ ነው። መገጣጠሙን ደግሞ እይልኝ... እኔም ረቂቄ ላይ መቅበሬን ረስቼ አስነስቻት ነበር። ፈሪ ነኝና ስከልስ ደነገጥኩ፤ ሰርጉን እንዳለ አወጣሁት። እሳቸው ግን ደፋር ናቸው። ምን ያህል ቢያከብሩት ነው፣ ነጠላ ሰረዝ እንኳ ያልነኩት?

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እውነት ነው... የኔው ሄዶ ሰው ቆጥ ላይ ሰፈረ። አይክፋሽ ጸጋዬ። የሄደው እንቁላሉ ነው፤ ዶሮዋ እዚሁ ናት።»

«ወራጅ አለ!» አሉ አቶ ከበበ። ቤታቸው ገና ሩቅ ነበር። ረዳቱ ግራ እየገባው አስቆመላቸው። ሲወርዱ ወደ ኋላ አልዞሩም።

ፈትለወርቅ ነገ ቢሮ ምን እንደሚጠብቃት አታውቅም። ቢሆንም መስኮቱን ከፈተችው፤ ድምጿ እንደ ማር ጣፈጠ።

«በይ አሜን በይ፣ ጸጋዬ። ለእኚያ ደራሲ ረጅም ዕድሜ ይስጥልን፤ ብዕራቸውን አያድርቅባቸው። ለእኔም ጤናዬን አይንሳኝ... እኔ ከታመምኩ እኮ እሳቸው ምን ይጽፋሉ?»