የማን ቆቅ ናት?

እኔና ጎረቤቴ ሰይድ አደን ሄደን ሁለት ቆቅ መትተን ነበር። ነፍሳቸው ሳይወጣ ደርሰን አንዷን እኔ በስመ አብ ብዬ፣ ሌላዋን እሱ ቢስሚላህ ብሎ አረድን። ሙቀቱ እንዳያበላሻቸው እዚያው ሆድ ዕቃቸውን አውጥተን ጥላ ስር ሰቀልናቸው፤ እንዳይምታቱብን ደግሞ ሰይድ የእሱን ቆቅ እግር በሣር አሰረ። ጎተራ፣ ኮንዶሚኒየማችን ደርሰን የመኪናውን የኋላ በር ስንከፍት ግን ሣሩ ወልቆ ወድቋል። ላባቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ! «በቃ፣ ይህቺ የኔ ናት መሰለኝ» አለ ሰይድ፣ ዓይኔን ሳያይ።

እናቴ ነገሩን ስነግራት የጣደችውን ድስት አወረደችው። «የእነሱ ብትሆንስ? እኛም አንበላት፣ እነሱም አይቅርባቸው። ሩጥ፣ ውሰድላቸው!» ደረጃው ላይ ሰይድን አገኘሁት፤ የእሱም እናት ያንኑ ብለው ቆቋን አስይዘው ልከውታል። ምን እናድርግ? ተለዋወጥን። ስመለስ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። የያዝኳትን ቆቅ አየች፤ ቀጥሎ እኔን አየችኝ።

«አሁንስ እርግጠኛ ነህ?»