እማማ ውቢት ያልደረሱበት ወንበር

ሰኞ ረፋድ ላይ አቶ ፋንታሁን ከዶዮገና እስከ ሆሳዕና ላንድክሩዘራቸውን ብቻቸውን ነዱ። ከጎናቸው ባለው ወንበር ላይ አካፋ ተጋድሟል። ድንች ተሸክመው ዳር ዳሩን የሚሄዱ ጎረቤቶቻቸው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሏቸው እንጂ «አድርሰን» ያለ አልነበረም። እርሳቸውም አልቆሙም። ባለቤታቸው አበበች ወደ ሆስፒታል ስትወሰድ፣ መኪናውን ጭቃ ይዞት መንገድ ላይ ካረፈች ሁለት ክረምት አልፏል። ከዚያ ወዲህ ሰው «የሞት መኪና» ብሎ የሸሻቸው ይመስላቸዋል።

ጭቃ ዳግም እንዳይዛቸው ብለው አምና ከሥሩ ባሌስትራ የሚባለውን የብረት ሞላ አስጨምረው መኪናውን ከፍ አደረጉት። ዛሬ ደግሞ ትልልቅ ጎማ ሊያስገጥሙ ናስረዲን ጎማ ቤት ደረሱ። እዚያ በር ላይ የሰፈራቸው አሮጊት እማማ ውቢት፣ ከሕክምና ወጥተው ሚኒባስ ሲጠብቁ አገኟቸው። ከሩቅ እጅ ነሥተው አለፉ።

ናስረዲን የቴክኒክ ትምህርቱን ጨርሶ የአባቱን ሱቅ የተረከበ ወጣት ነው።

«ያንን ትልቁን ጎማ አራቱንም ግጠምልኝ» አሉት።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ልለካው።»

«ምኑን ትለካዋለህ? በዓይን ይታያል፣ ይገባል!»

«ቆሞማ ይገባል። ጣጣው ሲዞር ነው።»

አንዱን የፊት ጎማ ቀይሮ መኪናውን ድንጋይ ላይ አስወጣና መሪውን እስከ ጥግ አዞረው። ጎማው ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎ እየፋቀ ጮኸ።

«ፓራፋንጎውን ቁረጠዋ!»

«እሺ፣ እቆርጠዋለሁ። ፍሬኑንስ? ጎማው በተለቀና በከበደ መጠን መኪናው ለመቆም ይዘገያል። ቆጣሪው ስልሳ ሲልዎት እርስዎ ሰባ ግድም እየሄዱ ነው። ቁልቁለቱን ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።»

«አንተ ልጅ፣ ሚስት ጭቃ ላይ ሞታብህ ታውቃለች?»

ናስረዲን አንገቱን ደፋ። «ነፍስ ይማር፣ ጋሼ። አላውቅም።»

«አንተ ፋንታሁን!» አሉ እማማ ውቢት ከተቀመጡበት። «ያን ቀን ከጭቃው ያወጣህ ማን ነው?»

«የሰፈር ሰው ነዋ።»

«ጠርተኸን ነበር? ሁለት ሰዓት ብቻህን ስትቆፍር መንገደኛ አይቶ ነው የነገረን። ሁለት ሰው ይዘህ ብትወጣ አንዱ ሮጦ ይጠራን ነበር።»

አቶ ፋንታሁን ወደ መኪናቸው ጠቆሙ። «አሁንስ ማን አብሮኝ ይሄዳል? የሞት መኪና ነው ብላችሁ ሸሻችሁኝ።»

«ማን አለ?» አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡና የመኪናውን በር ከፍተው እግራቸውን አነሡ። ወለሉ ወገባቸው ጋ ነበር። «ይኸው! በመሰላል ልውጣ? ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ርብቃ ምጥ ይዟት ደጅህ ድረስ መጥታ፣ ቀና ብላ አይታው ተመለሰች። በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረስናት፤ እግዜር ይመስገን በሰላም ተገላገለች። እኛማ መኪናውን ሰው እንዳይወጣበት ከፍ ያደረግኸው መስሎን ነው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ አቶ ፋንታሁን «ሰው ሸሸኝ» ሲሉ፣ ሰውም «ሸሸን» ሲል ኖሯል። የሰው ልጅ አንድ ነገር ክፉኛ ሲፈራ ያንኑ ብቻ ያያል፤ ሌላው በር ሲዘጋበት ልብ አይልም።

«ናስረዲን» አሉ በመጨረሻ፣ «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«የተጨመረውን ባሌስትራ አስወርዳለሁ። ጎማው በፋብሪካው ልክ ሆኖ ጥርሱ ይጉላ፤ ተቀያሪውም ያው ልክ ይሁን። በሩ ሥር መርገጫ ይበየድለት። ያን ጊዜ ጥርሱ ጭቃውን ይቧጥጣል፣ ፍሬኑ በወጉ ይይዛል፣ እማማም ይወጣሉ። ለቀረው ደግሞ የተሳፈረው ይገፋል።»

«እኔን ነው የምታስገፋው?» አሉ እማማ ውቢት።

አቶ ፋንታሁን ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ናስረዲን ያለው ሁሉ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ አካፋውን ከአበበች ወንበር ላይ አንሥተው ወደ ኋላ አስቀመጡት። የወንበሩን አቧራ በእጃቸው ጠረጉ፤ እጃቸው እዚያው ትንሽ ቆየ። ከዚያም እማማ ውቢትን ደግፈው አስቀመጧቸው።

ከተማውን ለቀው ብዙም ሳይርቁ፣ ባዶ ጆንያ ትከሻቸው ላይ ጥለው ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አዩ። ማንም እጁን አላነሣም። አቶ ፋንታሁን ፍሬን ይዘው መስኮቱን አወረዱ።

«የሚሳፈር አለ?»