የካውቦዩ ሳል

«ሙጂባዬ፣ እንዴት ዋልሽ? ይኼ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ማራገቢያሽም የደከመው መሰለኝ፤ እኛን ትቶ ለራሱ ይተነፍሳል... ልጆቹስ? አልሐምዱሊላህ ማለት ነው። እኔም እንዳየሽኝ ነኝ።»

ሰርክአዲስ ለባለሱቋ ይህን ስትል ዐይኗ በሩ አጠገብ፣ ማቀዝቀዣው ጥግ ነበር። የሟቹ ባሏ የበላይ የቪዲዮ ቤት ሸሪክ ጀርባውን ሰጥቶ ለስላሳ ይጠጣል። አይቷት እንዳላየ ሆኗል። እሷም እንዳላየችው ሆነች፤ ድምፅዋን ግን ከፍ አደረገች። ባንኮኒው ላይ ከተደረደሩት አዲስ ሲዲዎች አንዱን አነሣች። ሽፋኑ ላይ ካውቦይ ፈረሱን ይጋልባል።

«እሰይ! ያ አሮጌ ፊልም በሲዲ ወጥቶ እዚህም ደረሰ? ወንድሙን የገደሉበት ሰውዬ ገዳዩን በረሃ ለበረሃ የሚያሳድድበት... በላይ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ካሴቱን ከጅቡቲ ያስመጣ ጊዜ አዋሽ ሙሉ ሊያይ ይጋፋ አልነበር? እንግሊዝኛ እንደሁ አያውቅ! ማይክሮፎኑን ይዞ ያን ሁሉ ፈረንጅ በአማርኛ ያናግረዋል። ፈረሰኛውን ሚሌ መገንጠያ ያሳድረዋል፣ ሽፍታውን ዲቾቶ ይደብቀዋል... ሾፌሮቹ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ኋላም ድምፁን እዚያው ካሴት ላይ ቀዳው።

«እስቲ ሽፋኑን ላንብበው። ‹ትርጉምና ድምፅ...› ኧረ! የበላይ ሸሪክ ነው? አቤት ተሰጥኦ! እኛ ዝምተኛ ነው ስንል... ለካ ጉሮሮው ውስጥ ሌላ ሰው ኖሯል።

«ፊልሙን ትናንት ጎረቤቴ ማሚት ቤት አየሁት። ሳሉ ግን አሳሰበኝ። ፈረሰኛው ሽጉጡን ጥይት ሲያጎርስ፣ ትርጉሙን አቋርጦ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይስላል። ሐኪም አይቶት ይሆን? የበላይም ሕመም እኮ እንደዚያ ነበር የጀመረው... ልክ እንደዚያ። በሽታ በትንፋሽ ይተላለፋል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በካሴት መተላለፉን ግን ማን ነገረኝ?

«ደግሞ ተኩሱ መሀል አንዲት ሴት ‹ምሳ ቀርቧል!› ትላለች። እሱም ‹መጣሁ ሰርኬ!› ይላል። ሙጂባዬ፣ እኔ መቼ ነው ለሱ ምሳ ያቀረብኩት? ምስኪን ሚስቱ ሰምታ ይሆን? እንዲያው ትዳራቸው እንዳይናጋ ሰጋሁ...

«ኧረ አልቀየምም! እንዲህ ያለ ወዳጅ የት ይገኛል? የቀብሩ ዕለት አስከሬኑን ማን ተሸከመ? ከእኔ ይበልጥ ማን አለቀሰ? ‹ለማስታወሻ አንድ ነገር ልያዝ› ብሎ፣ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ያችን ካሴት መረጠ። ይኸው አስታወሰው፤ ስሙን ብቻ ረሳ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባል የለ? እሱ ግን ሁለቱንም ቻለበት፤ እያለቀሰ ላሰ። በፊልሙም እኮ ሬሳውን ከፊት ሆኖ የሚሸከመው ሰውዬ... ተይው፣ መጨረሻውን አልነግርሽም። ያላየ ሰው ይኖራል።»

በሩ ጋ ጠርሙስ ከብረት ጋር ተጋጨ። ሰርክአዲስ አልዞረችም። ካሴቱን ደጋግማ ጠይቃው «ጠፋ» ብሏታል። እቤቷ የቀረው የበላይ ፎቶግራፍ ነው፤ ፎቶግራፍ ደግሞ ሲጠሩት «መጣሁ» አይልም። ሲዲውን ባንኮኒው ላይ መለሰችና ድምፅዋን አለዘበች።

«ጠፋ ሲለኝ አምኜዋለሁ። የጠፋ ካሴት ይኼን ሁሉ ሲዲ እንዴት እንደሚወልድ ግን አልተማርኩም... ድንገት ከተገኘ ካንቺ ዘንድ ያስቀምጥልኝ፤ እኔ መጥቼ እወስዳለሁ። የሲዲው ትርፍ ይባረክለት፣ እኔ የምፈልገው ያን ሳል ብቻ ነው።

«እንግዲህ ስታገኚው ሰላም በይልኝ። እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ልጆቹን ያሳድግለት፣ ቤቱን ይሙላለት። የማይቀረው ቀን ሲመጣም፣ ሚስቱ ብቻዋን እንዳትቀር... ልክ እንደ እሱ ያለ አንድ ታማኝ ወዳጅ ከደጇ ያቁምላት።»