ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ዳቦ

አባ አባተ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከዘራቸውን ይዘው በነቬ ኢታማር ሰፈር ካለው ሕንፃቸው ደረጃ ሲወርዱ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ኤፍራት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተገናኙ። ኤፍራት ነርስነት ትማራለች። ዱሮ ሮጣ ጉልበታቸውን የምትስም ልጅ፣ አሁን ከታች ቆማ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። አባ አባተ ይህን አልወደዱትም። ቆሮና ከመጣ ወዲህ የወጣት ሰላምታ ሁሉ ኩርፊያ ይመስላቸዋል።

«አባ፣ ምነው ወጡ? ያኒቭ ታሞ እርስዎ ቢዱድ አይደሉም እንዴ? ከቤት እንዳይወጡ አልተነገረዎትም?»

ያኒቭ ፖሌግ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር የሚሠራ ልጃቸው ነው፤ በሽታው እንደያዘው ያወቀው ገና ትናንት ነው።

«ቢዱድ ለሌባ ነው» አሉ አባ አባተ። «ከጎንደር ጀምሮ ወደዚህ አገር አብሮኝ የተሰደደው ፈረደ ሞቶ ቀብሩ አመለጠኝ። ሚስቱ ሸጋዬ ቃዲማ ከተማ ብቻዋን ተቀምጣለች። ለቅሶ ካልደረስኩ ምኑን ሰው ሆንኩት?»

«ሐዘንዎ ይገባኛል፣ አባ። ግን እማ ሸጋዬ ሳንባቸው የደከመ ነው።»

«እኔ ምን ሆንኩ? ቁርሴን በልቼ ጸሎቴን አድርሼ ነው የወጣሁት!»

«ያኒቭም ከትናንት ወዲያ ደኅና ነበር። ይህ በሽታ ሳያስታውቅ ሰው ላይ ያድራል።»

«እንግዲያው ማሴካዬን አፌ ላይ አደርጋለሁ።»

«እማ ሸጋዬ አንገትዎ ላይ ተጠምጥመው ሲያለቅሱ ማሴካው ከቦታው ይቆያል?»

አባ አባተ በክርክር ተረትተው አያውቁም፤ መልስ ሲያጡ ግን መቆጣት ያውቃሉ።

«እናንተ ፍቅርን በሜትር ለካችሁት! የኛ አገር ሰው ወገኑን እንዲህ አይሸሽም!»

ሌላ ልጅ ብትሆን ትታቸው ታልፍ ነበር። ኤፍራት ግን ጆሮዋ የሰማውን ልቧ የሚያኖር፣ የተመሰገነች ልጅ ናት።

«አባ፣ እርስዎ ያጫወቱኝን ልጠይቅዎት። አባትዎን ቀብረው ሲመለሱ እናትዎ አቅፈው ተቀበሉዎት?»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። በመንደራቸው ሬሳ የነካ ሰው የመንጻቱ ቀን ሞልቶ ወንዝ ወርዶ እስኪታጠብ ድረስ ቤቱ አይገባም ነበር፤ ለብቻው ከመንደር ውጭ ይቀመጣል። እሳቸውም ያኔ ገና ጎረምሳ ነበሩ።

«እናቴ ዳቦዬን ድንጋይ ላይ አኑራ ወደ ኋላ ትል ነበር» አሉ።

«ታዲያ ስለጠሉዎት ነው?»

«ማን? እናቴ? ከወንዙ ማዶ እስኪመሽ ቁማ ታለቅስልኝ ነበር!»

«ያ የሃይማኖት ሥርዓት ነው፣ የኔ የሕክምና፤ አንድ ናቸው አልልም። ነገር ግን ርቆ መውደድ እንደሚቻል የሰማሁት ከእርስዎ አፍ ነው። አባ ፈረደን ማንም አይመልሳቸውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን፣ እማ ሸጋዬን በሕይወት እናቆያቸው።»

አባ አባተ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ የወረዱትን ደረጃ መልሰው ወጡ። ቃዲማ ደወሉና የፈረደን ደግነት፣ በስደቱ መንገድ ሕፃናት አዝሎ መሄዱን ሳይቀር፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ አወሩ። ሸጋዬም ከወዲያ አለቀሱ። በስልክ ይሁን እንጂ ለቅሶው ለቅሶ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አባ አባተን ትኩሳት ጣላቸው። ቢመረመሩ ቆሮናው ኖሯል። አልጋ ላይ ሆነው ሞትን አልፈሩም፤ ያስፈራቸው የሸጋዬ ክንድ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ ቢሆን ኖሮ የሚለው ሐሳብ ነበር። «በገዛ እግሬ ሄጄ ልገድላት ነበር» እያሉ ኤፍራትን ይመርቁ ጀመር።

ወሬው በሕንፃው ተዳረሰና ከዚያ ወዲህ የታመመ ሰው በሽታውን ደብቆ ለቅሶ ቤት መዋል ቀረ። ማሳልም እንደ ነውር አልታየም። ሰው ሲታመም «ድንጋዩ ላይ አኑሩልኝ» ይላል፤ ጎረቤት ምግቡን በሩ ላይ አኑሮ ያንኳኳና ዞር ይላል። ሕመምተኛው አይራብም፤ ጎረቤቱም አይታመምም። ልማድ ሲታደስ ፍቅርን እንደማያጎድል ይህን ያየ ይመስክር።

አባ አባተ ድነው ቃዲማ ሲሄዱ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ተጣሩ። እማ ሸጋዬ የሰንበት ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ወጡ። የድንጋዩ አጥር ላይ አኖሩትና ወደ ኋላ አሉ፤ እሳቸውም የዚያው አገር ልጅ ናቸው።

«አንሣው፣ ወንድሜ።»

አባ አባተ ቆርሰው ቀመሱ። ከዚያ ሁለቱም አጥሩን በመካከላቸው አድርገው፣ ፈረደን እስኪበቃቸው አለቀሱት።