ዝም ያለው የማዋለጃ ኮምፒውተር

(በአንድ ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ክፍል፤ የማዋለጃ ኃላፊዋ ሲስተር አሰገደችና አዲሱ የኮምፒውተር ባለሙያ ምንተስኖት «ፋይሉ አልተገኘም» ከሚል ስክሪን ፊት ናቸው።)

አሰገደች፦ ትምህርት አልጠየቅሁህም፤ እንደ ማዋለጃው ኮምፒውተር አድርግልኝ ነው ያልኩህ! የእኛው እንዲህ አይልም።

ምንተስኖት፦ ትንሽ ይታገሡኝ፣ ሲስተር። የሁሉም ክፍል መረጃ የሚቀመጥበት የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ትናንት ተቀይሯል። ይሄኛው አሁንም በድሮው አድራሻ ነው የሚፈልገው።

አሰገደች፦ አዲሱን ንገረዋ!

ምንተስኖት፦ እየነገርኩት ነው። አንድ ፊደል ከሳትኩ አያገኘውም።

አሰገደች፦ ዛሬ ሁለቱንም ክፍል የያዝኩት እኔ ነኝ። እዚህ እርጉዞቹ ኮሪደሩን ሞልተውታል፣ እዚያ ምጥ የያዛት ሴት ትቼ መጥቻለሁ።

ምንተስኖት፦ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው።

አሰገደች፦ ተረቱን ለሽማግሌ ተወው። የማዋለጃው እንዳንተ አይለፈልፍም፤ ዝም ብሎ ይሠራል። ዝም አይነቅዝም!

ምንተስኖት፦ እሱ እኮ ነው የገረመኝ። ፋርማሲውም ጮኋል፣ ላብራቶሪውም ጮኋል። የእናንተ ለምን ዝም አለ?

አሰገደች፦ ካንተ በፊት የነበረው ልጅ ጎበዝ ስለነበረ! መስቀል ሰሞን እንዲሁ አስቸግሮን፣ ነካ ነካ አድርጎ ገላገለን።

ምንተስኖት፦ ምኑን ነካው?

አሰገደች፦ እኔ ምን አውቄ? ፋይሉን በፍላሽ አምጥቶ እዚያው ጫነልን።

ምንተስኖት፦ እዚያው? ማዋለጃው ኮምፒውተር ላይ?

አሰገደች፦ ምነው፣ ፊትህ ተለዋወጠ?

ምንተስኖት፦ ሲስተር፣ እንግዲያው ከመስቀል ወዲህ የእናንተው የሚያየው የራሱን ቅጂ ብቻ ነው። እዚህ ክፍል የሚጻፈው አይደርሰውም።

አሰገደች፦ እንዴት አይደርሰውም? የሴቶቹ ስም ይመጣል እኮ!

ምንተስኖት፦ ስማቸውማ ይመጣል፤ ከመስቀል በፊት የተመዘገቡት። ከዚያ ወዲህ የተጨመረላቸውን ግን አያውቅም… ይኸው፣ ይሄኛው ተከፈተ። አገኘው።

አሰገደች፦ ቆይ። እማዋይሽ አደመ ብለህ ፈልግልኝ።

ምንተስኖት፦ ማን ናት?

አሰገደች፦ ምጥ ላይ ያለችው። በማዋለጃው ኮምፒውተር አይቼ ነው ነርሷ ፀዳለ እንድትወጋት መርፌ ያዘዝኩላት። የማይስማማት መድኃኒት የለም ይላል።

ምንተስኖት፦ እማዋይሽ… ይችውና። ኅዳር ላይ የተጨመረ አለ፤ በቀይ። «ፔኒሲሊን አይስማማትም። ከዚህ በፊት ተወግታ ጉሮሮዋ አብጦ ነበር።»

አሰገደች፦ በስመ አብ! ስልክህን አምጣ! ቶሎ በል!

ምንተስኖት፦ እንኩ፣ ማዋለጃው ጋ እየጠራ ነው። ያዘዙላት ምን ነበር?

አሰገደች፦ እሱኑ ነዋ!… ሄሎ፣ ፀዳለ! እማዋይሽን ወጋሻት?… እምቢ አለች? ምን ብላ?

ምንተስኖት፦ አልተወጋችም?

አሰገደች፦ «አይስማማኝም፣ ለክትትል ክፍል ነግሬያቸዋለሁ» አለች?… አንቺስ? ኮምፒውተሩ የለም ይላል ብለሽ ትከራከሪያታለሽ?… ተይ፣ ፀዳለ። ስሪንጁን አስቀምጪና እሷን ስሚያት።