በር ላይ የተገመተው ቤት

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ የድሮ ሰፈራችን ሰዎች፤ ስለመጣችሁ እግዜር ያክብራችሁ። ተናገር ያለችኝ የሟቹ ባለቤት ናት። እምቢ ብያት ነበር። «አንተ ካልተናገርክ ማን ይናገር?» አለችኝ። እትዬ፣ ሰምተሽ ስትጨርሺ ባትቆጪ ጥሩ ነው።

ሁላችሁም ውሃ ልክ ነበር የምትሉት። ግንበኛ ነበር። ሰው ቤት ተጋብዞ እንኳ፣ ሳይቀመጥ ግድግዳውን በአንድ ዓይኑ ያይና «ይሄ ዘንበል ብሏል» ይላል። ስንቶቻችሁን አናዷል! ስንቶቻችሁስ ቤት በማግስቱ መሮና መዶሻውን ይዞ መጥቷል?

እኔ ቤት ገማች ነኝ። «እኔ እሠራለሁ፣ እሱ ዋጋ ይቀንሳል» ብሎ ነበር ለሰው የሚያስተዋውቀኝ። የኛ ቅጽ ቤቱ መቼ እንደተሠራ ይጠይቃል። መቼ እንደታደሰ አይጠይቅም። ዓመቱ ሲጨምር ዋጋው ይወርዳል፤ ሰፈሩ ካረጀማ አለቀለት። ይሄን ስነግረው ይስቅብኝ ነበር። «ቤት አያረጅም፤ ሰው ነው የሚተወው» ይለኛል።

ከሰባት ዓመት በፊት ሰፈራችን እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። መንገዱ ተቦርቡሯል፣ ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ ልጆቻችን ወደ አዲሶቹ ሕንፃዎች ሄደዋል። ያኔ ቤቴን ገምትልኝ ብሎ ጠራኝ። በሩ ላይ አገኘሁት።

«ግባ እንጂ፣ ውስጡን እይ» አለኝ።

«ስንት ዓመት የተመላለስኩበትን ቤት ምን አያለሁ?» አልኩት።

ወረቀቱን አጥሩ ላይ አስደግፌ ሞላሁት። የተሠራበትን ዓመት ጻፍኩ። «ያረጀ» ብዬ ጻፍኩ። ይሄም አልበቃኝ ብሎ መከርኩት። «ሰፈሩ አልቆለታል፤ ሳይብስ ሽጥ» አልኩት። አመነኝ። ሸጠ።

ወይ ነዶ! ሰፈሩ ሞተ? አልሞተም። መንገዱ ተሠራ፣ ወጣቶቹ ተመለሱ፣ ዛሬ እዚያ አንድ ክፍል ለማግኘት ሰው ደጅ ይጠናል። እሱስ የት ነበር? አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሁለት ዓመቱ ልስኑ የሚረግፍ አዲስ ሕንፃ ውስጥ። አሳንሰሩ በተበላሸ ቁጥር ጉልበቱ እምቢ ይለውና ቤት ይውላል። አንድ ቀን ልጠይቀው ብሄድ ኮሪደር ላይ የጎረቤቱን ግድግዳ ሲለስን አገኘሁት። «አንተ ሰው፣ እጅህ አያርፍም?» ስለው፣ «አዲስ ነው ብለው እኮ ትተውታል» አለኝ። አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት፣ ከለቅሶው ወጥቼ፣ እግሬ ወደ ድሮው ቤት ወሰደኝ። አሁን የሚኖሩት ባልና ሚስት አስገቡኝ። ሴትየዋ «ይሄን ያውቁታል?» ብላ የግድግዳውን ቁም ሣጥን ከፈተችልኝ። በሩ በውስጥ በኩል ከላይ እስከ ታች በእርሳስ ተጽፎበታል። የሱ እጅ ጽሑፍ ነው። አሸንዳ ተቀየረ፣ ከነቀኑ። የጓዳው ወለል እንደገና ተሠራ። የመብራት መስመር በሙሉ ተቀየረ። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አንዱንም ሳይዘል። ለካ «ግባ» ያለኝ ይሄን ሊያሳየኝ ነው!

የመጨረሻው መስመር ዕቃቸውን ያጓጓዝንበት ዕለት የተጻፈ ነው። «የጓዳው ቧንቧ ጎማ ተቀየረ» ይላል። አስቡት! ሸጦ የሚወጣበትን ቤት፣ ለማያውቀው ሰው፣ ውሃ እንዳያንጠባጥብ።

እትዬ፣ ከዚያ ቤት ያስወጣኋችሁ እኔ ነኝ። ጸጸቱ የእግር እሳት ሆኖብኛል። ይቅር በይኝ።

ውሃ ልክ፣ ወንድሜ፤ ከመስመርህ ሥር ትንሽ ባዶ ቦታ ነበር። ሴትየዋን አስፈቅጄ እርሳስ ተቀበልኩ። የትናንትን ቀን ጻፍኩና «ገማቹ ገብቶ አየ» አልኩ። ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ። ደህና ሁን፣ ወንድሜ። አሁንስ እጅህን አሳርፍ።