ሁለተኛው ትርጓሜ

ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ከጨው ነጋዴዎች ጋር ስንጓዝ፣ አንድ አዛውንት ቄስ ተማሪ ልጃቸውን ከአብነት ትምህርት ቤት አስወጥተው ወደ ቤት ሲመልሱት ከኋላዬ እንዲህ ይባባሉ ነበር።

«ምን አናገረህ?»

«የኔታ የመጽሐፉን ቃል አንዴ ተርጉመው ዝም አሉ። ድሮ ‹አንድም› ብለው ሁለተኛውን ትርጓሜ ያስከትሉ ነበር። የረሱት መስሎኝ ‹አንድም› ብዬ ቀጠልኩላቸው።»

«አልረሱትም። በአዋጅ ተከልክሎ ነው።»

«ሁለተኛውን ለእኔ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማሃል! ያኔ ዘመኑ ሌላ ነበር።»

«ወታደሮች መጥተው ‹ማን አስተማረህ?› ሲሉኝ ስምዎን አላወጣሁም። ያስተማሩት እሳቸው ናቸው ብለው የኔታን አስረው ወሰዷቸው።»

አባትየው እርምጃቸውን አፈጠኑ።

«ከእንግዲህ እርሻ ትገባለህ። በሬ ‹አንድም› በል አይልህም።»

«መጽሐፉስ?»

«መጽሐፉ ይቆየን።»

«በር ዘግተን እንኳ ሁለተኛውን አይነግሩኝም?»

«ረስቼዋለሁ ልጄ።»

«እርስዎም?»

እኔም ፊቴን ሳላዞር፣ ከንፈሬንም ሳላነቃንቅ፣ በተማሪነቴ የያዝኩትን ሁለተኛውን ትርጓሜ እስከ መጨረሻው በልቤ ደገምኩት።